ያረጀ ባንድ፣ ያላረጀ ጥያቄ

ሙቀቱና አቧራው እንዴት አድርጓችኋል? ዛሬ ስለ ራሽንም ሆነ ስለ ኢንተርቪው ቀጠሮ አላወራችሁም። እሱን በየወረፋው ስናነሳ ስንጥለው ስለምንውል ለአንድ እትም ብናሳርፈው የሚጎድልብን ነገር የለም። የማወራችሁ ስለ አንድ የአውስትራሊያ ሮክ ባንድ ነው። "ምነው፣ ሰውየው በደህናው ነው?" እንዳትሉኝ። ትንሽ ታገሱኝ እንጂ ነገሩ ወደ እኛው ሰፈር ይመጣል።

ባንዱ ሚድናይት ኦይል ይባላል። ፖለቲካ የሚዘፍን ባንድ ነው። በ2002 ድምፃዊው ጥሎ ሲወጣ ተበተነ፤ በ2017 እንደገና ተሰባስቦ ዓለምን ዞረ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) እኔ ባንዱን ያወቅሁት በአንድ የብሎካችን ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ ፕሮሰሱ አልቆለት ሜልቦርን ከገባ በኋላ አንድ ቪዲዮ በስልክ ላከልኝ። "ይኼ ራሰ በራ ሽማግሌ ሚኒስትር ነበር፤ አሁን ይኸውልህ ይዘፍናል" የሚል መልእክት ጨምሮበታል። ሚኒስትር የነበረ ሰው በላብ ተጠምቆ መድረክ ላይ ሲዘል ማየት ለእኛ ለሐበሾች ቀላል ነገር አይደለም። እኛ አገር ሚኒስትር የነበረ ሰው ከሥልጣን ሲወርድ የሚሄድባቸውን ቦታዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ መድረክ ከእነዚያ አንዱ አይደለም። ነገሩ ገረመኝና ስለ ባንዱ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

ለመሆኑ የተበተነ ባንድ ሲሰበሰብ ምንድን ነው የምንጠብቀው? ብዙ ጊዜ ነገሩ የገንዘብ ነው። ሰዎቹ ሸምግለዋል፤ ዱሮ የሰሟቸው ወጣቶችም ዛሬ የልጆች አባት ሆነው ትኬት የሚገዙበት ገንዘብ አላቸው። ናፍቆት ይሸጣል፣ ይገዛል። የፍቅር ዘፈን ከሆነ ምንም ክፋት የለውም፤ ፍቅር አያረጅም። ፖለቲካ የዘፈነ ባንድ ሲመለስ ግን ነገሩ ይለያል። "ይህ ግፍ ይቁም" ብሎ የዘፈነ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ሲዘፍን አድማጩ መጠየቁ አይቀርም፦ ግፉ ቆመ ወይስ አልቆመም? ካልቆመስ አንተ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። ባንዱ የተመሠረተው በ1970ዎቹ ሲድኒ ከተማ ነው። ድምፃዊው ፒተር ጋሬት ሕግ የተማረ፣ እጅግ ረጅም፣ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ነው። ከበሮውን ሮብ ኸርስት፣ ጊታሩን ጂም ሞጂኒና ማርቲን ሮትሲ ይጫወቱ ነበር። በኋላ የኒውዚላንዱ ተወላጅ ቦንስ ሂልማን በቤዝ ጊታር ተቀላቀላቸው። ሥራቸው ዘፈን ብቻ አልነበረም። በ1984 ጋሬት የኑክሌር መሣሪያን ለሚቃወም ፓርቲ ለሴኔት ተወዳድሮ ለጥቂት ተሸነፈ። በ1989 የኤክሶን ኩባንያ መርከብ አላስካ ባሕር ላይ ነዳጅ ካፈሰሰ በኋላ፣ በ1990 ኒውዮርክ ሄደው በኩባንያው ሕንፃ ፊት ለፊት ጭነት መኪና ላይ ቆመው ተጫወቱ። የእኛ አዝማሪ ሰም እና ወርቅ አድርጎ የሚናገረውን እነሱ በድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት ተናገሩት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባንዱን በዓለም ያስታወቀው በ1987 የወጣው "ቤድስ አር በርኒንግ" የሚባለው ዘፈን ነው። ብዙ ሰው ጨፍሮበታል፤ ስለ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኔም ሳነበው ነው የተቀመጥኩበት ወንበር የቆረቆረኝ። ዘፈኑ ስለ ፒንቱፒ ሕዝብ ነው።

ፒንቱፒዎች የአውስትራሊያ ምዕራባዊ በረሃ ነባር ነዋሪዎች ናቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙዎቹ ከመሬታቸው እየተነሱ ወደ ሰፈራ ጣቢያ ተወሰዱ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ድርቅ ነበር፤ አገራቸው የሮኬት ሙከራ የሚያልፍበት መስመር ላይ ነበረች፤ መንግሥትም ነባሮቹ እንደ ነጮቹ እንዲኖሩ ይፈልግ ነበር። የተወሰዱበት ቦታ ፓፑንያ ይባላል። ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች በአንድ ላይ ሰፈሩ። ምግባቸው ከጋራ ኩሽና ይታደል ነበር። ለቦታው እንግዳ ስለነበሩ በሽታው ጎዳቸው፤ ብዙዎች ሞቱ። የቀሩት ደግሞ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ወደ መሬታቸው አቅጣጫ እየተመለከቱ ኖሩ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህን የመሰለ ቦታ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ! የተለያየ ቋንቋ፣ የሚታደል ምግብ፣ ለእንግዳ የማይመች አየር፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ዓይን... ሌላ ምን ልጨምርላችሁ?

ሁለቱ ታሪኮች አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። እኛ ድንበር ተሻግረን ነው የመጣነው፤ እነሱ በገዛ አገራቸው ነው የተፈናቀሉት። እኛን ያስጠጋን ሌላ ሕዝብ ነው፤ እነሱን ያነሳቸው የራሳቸው አገር መንግሥት ነው። ስሜቱ ግን ሩቅ አይደለም።

በፓፑንያ ሁለት ነገር ተወለደ። አንደኛው ሥዕል ነው። ከ1971 ጀምሮ ሽማግሌዎቹ የመሬታቸውን ታሪክ በቀለም መሳል ጀመሩ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። ሁለተኛው ሙዚቃ ነው። ዋሩምፒ ባንድ የሚባል የነባሮችና የነጭ ቅልቅል ቡድን ከዚያው ተነሳ፤ በ1983ም በነባሮቹ ቋንቋ የሮክ ዘፈን አሳተመ። በ1986 ሚድናይት ኦይል ከዚህ ባንድ ጋር ሆኖ በበረሃው ውስጥ በየሰፈሩ ዞረ። የሲድኒ ልጆች የሚዘፍኑለትን ሕዝብ በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው። የ1987ቱ አልበምም የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ፒንቱፒዎች ወደ መሬታቸው መመለስ የጀመሩት ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ነው። የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በ1981 ከፓፑንያ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ሄዱና ኪንቶር የምትባለውን መንደር መሠረቱ። ዘፈኑ የወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ አልመለሳቸውም። የመለሳቸው እግራቸው፣ ውኃውና እልሃቸው ነው። ዘፈኑ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ዳኛ አይደለም። ለመላው አገር ግን "እነዚህ ሰዎች የሄዱት ወደ ቤታቸው ነው" ብሎ ነገረ።

ቀጥሎ 2000 ዓመት መጣ፤ የሲድኒ ኦሊምፒክ። እኛ የምናስታውሰው ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በደረት የቀደመበትን ነው አይደል? በዚያው ኦሊምፒክ መዝጊያ ላይ ሚድናይት ኦይል መድረክ ወጣ። ሰዎቹ ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ በልብሳቸው ላይ በትላልቅ ነጭ ፊደል "ይቅርታ" የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ከወላጆቻቸው በግድ ለተነጠቁት የነባሮች ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ አልጠይቅም ያሉ ሰው ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ ዘፋኞቹ መንግሥት እምቢ ያለውን ቃል ለብሰው ወጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሬት ባንዱን ተወ። በ2004 የሌበር ፓርቲ ተመራጭ ሆኖ ፓርላማ ገባ፤ በ2007 ፓርቲው ሲያሸንፍ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆነ። በፌብሩዋሪ 2008 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ያንን ይቅርታ በፓርላማ ጠየቁ። በ2000 በልብሱ ላይ ጽፎት የነበረው ሰው ያኔ የዚያው መንግሥት ሚኒስትር ነበር። እስከዚህ ድረስ ተረት ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ ግን ሥልጣን እንደ ሥልጣን ሆነ። ኑክሌርን ሲቃወም የኖረው ሰው በ2009 አንድ የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ ፈቀደ። በሱ መሥሪያ ቤት ሥር በነበረ የቤት ጣሪያ ሙቀት መከላከያ ፕሮግራም አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፤ በ2010 ያ ኃላፊነት ከእጁ ተወሰደ። ደግሞ ሚዛኑን ላለማጉደል፣ በሱ ጊዜ አውስትራሊያ ጃፓንን በዓሣ ነባሪ አደን ምክንያት በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ2014ም ተፈረደላት። ኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ሠርቶ በ2013 ከፖለቲካ ወጣ።

በኤፕሪል 2017 አምስቱ ሰዎች ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ። ደቡብ አሜሪካን፣ ሰሜን አሜሪካን፣ አውሮፓን ዞሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በኦክቶበር የውስጥ ጉዞአቸውን የጀመሩት ከአሊስ ስፕሪንግስ ነው፤ ከዚያው ከበረሃው፣ ከፓፑንያ ጎረቤት። በኖቬምበር ሲድኒ ላይ ጨረሱ።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ቡና ቤት ለተቀመጡት ነገርኳቸው። ክርክር ተነሣ፤ መቼም ለክርክር ማን ብሎን!

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት አሉ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። እሳቸው ሲሰሙ ቆይተው፣ "ልጄ፣ እኛ የዘፈንነው ታዘን ነው። 'ነገ ሰልፍ አለ፣ ይህን አጥኑ' ይሉናል፤ እናጠናለን። ዜማው ያምር ነበር፣ ውሸት አይደለም። ዛሬ ግን አኮርዲዮን ቢሰጡኝ ያንን አልጫወተውም፤ ጣቴ እምቢ ይላል። ይኼ ሰውዬ ሥልጣን ቀምሶ ሲያበቃ የዱሮውን እንዴት ብሎ ዘፈነው?" አሉ።

ሻይ የምትቀዳልን ልጅ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ታዘው ነው የዘፈኑት፤ እሱ ያመነበትን ነው የዘፈነው። ሥልጣን ገብቶ ባይሞክርስ 'አፍ ብቻ ነው' አንለውም ነበር? ሞከረ፣ አንዳንዱ ተሳካ፣ አንዳንዱ ከሸፈ፣ ወጣ። ከወጣ በኋላ ዝም ይበል?" አለች።

ጋሼ ሳቁና "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን እኔ አልተረትኩም" አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ አንዱ ወጣት "ናውሩስ?" አለ። ሳቁ ቆመ።

ለማታውቁት ላስረዳ። አውስትራሊያ በጀልባ የሚመጡ ስደተኞችን ወደ ናውሩ ደሴትና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ወዳለው ወደ ማኑስ ደሴት መላክ የጀመረችው በ2001 ነው። በ2008 የሌበር መንግሥት አስቀረው። በ2012 ያው የሌበር መንግሥት እንደገና ጀመረው። ያኔ ጋሬት የዚያው መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ነበር። በጁላይ 2013 ደግሞ በጀልባ የመጣ ማንም ሰው አውስትራሊያ ውስጥ አይሰፍርም ተባለ፤ በዚያን ጊዜ ጋሬት ከሚኒስትርነት ለቆ ነበር። ከዚህ ከእኛ ቀጠና የሄዱ ልጆችም በእነዚያ ደሴቶች ላይ ዓመታት አሳልፈዋል። ባንዱ የ2017ን ጉዞ ሲድኒ ላይ በዘጋበት በኖቬምበር ወር፣ በማኑስ የነበሩ ስደተኞች ጣቢያው ተዘግቶ፣ ውኃና መብራት ተቋርጦባቸው፣ አንወጣም ብለው ተቀምጠው ነበር። በወሩ መጨረሻ ፖሊስ በግድ አስወጣቸው።

"ስለ ነባሮቹ መሬት ዘፍኖ፣ በእኛ ላይ በር ከዘጋ መንግሥት ጋር ተቀመጠ። እኔ ይህን ዘፈን እንዴት አድርጌ ልስማው?" አለ ልጁ።

ጥያቄው ከባድ ነው። እኔ የመጣልኝን ሐሳብ ልጻፍላችሁ፤ የማይስማማ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።

አንድ ሰው ዘፈን ሲያወጣ ቃል ይገባል። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የሱ ብቻ አይደለም፤ የሰሚው ጭምር ነው። ሰሚው ያንን ቃል ይዞ ዘፋኙን ራሱን ሊጠይቅበት ይችላል። ያ የእኛ ወጣት ያደረገው ይህንኑ ነው። "መሬቱን ለባለቤቱ መልስ ያልክ ሰው፣ መሬት ላጣ ሰውስ ምን አልክ?" ብሎ በራሱ ዘፈን ያዘው። ስለዚህ ዘፈኑን አልጥለውም፤ እንዲያውም አጥብቄ እይዘዋለሁ። ዘፋኙ ሲደክም እንኳ ዘፈኑ ሥራውን ይሠራል። ጋሬት ባይዘፍነው ኖሮ እኛ በምን እንጠይቀው ነበር?

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የተመለሰ ባንድ የሚለካው ከማን ጋር እንደተመለሰ ነው። በሜይ 2017 የነባሮቹ ተወካዮች ኡሉሩ ላይ ተሰብስበው በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማበት አካል እንዲቋቋም ጠየቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ሚድናይት ኦይል "ዘ ማካራታ ፕሮጀክት" የሚል አልበም አወጣ። ማካራታ ከነባሮቹ ቋንቋዎች የአንዱ ቃል ነው፤ ከጠብ በኋላ የሚደረግ ዕርቅ ማለት ነው፤ የእኛን ሽምግልና አስቡት። በአልበሙ ላይ ነባር ድምፃውያን ተጋብዘው ዘፍነዋል፤ ከገቢውም ጥያቄውን ለሚያስተዋውቁ ድርጅቶች ተሰጠ። በአገሪቱም የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ያረጀ ዘፈናቸውን ሸጠው ብቻ ቤታቸው አልገቡም፤ መድረኩን ከባለጉዳዮቹ ጋር ተካፈሉ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቦንስ ሂልማን በካንሰር አረፈ። የቀሩት በ2022 የመጨረሻ ያሉትን ጉዞ አድርገው በኦክቶበር ሲድኒ ላይ ተሰናበቱ።

ታዲያ ጥያቄው ተመለሰ? አልተመለሰም። በኦክቶበር 2023 የነባሮቹ ጥያቄ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ከመቶ ሰው ስልሳው ገደማ "አይሆንም" አለ። በዚያ ዘፈን ሠላሳ ዓመት የጨፈረ አገር ድምፅ መስጫው ጋ ሲደርስ እግሩን ጎተተ። ጭፈራና ድምፅ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛም ከአገራችን እናውቀዋለን።

ቢሆንም ኪንቶር ዛሬም አለች። ሰዎቹ እዚያ ይኖራሉ፣ ይሥላሉ፣ ልጆቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ ያሳድጋሉ። መሪ ባንድ ቢበተንም፣ ቢሰበሰብም፣ ድምፅ ቢሰጥም፣ ባይሰጥም፣ በእግራቸው የሄዱበትን የወሰደባቸው የለም።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? ሌላ ሰው መጥቶ ስለ እኛ ቢዘፍን ደስ ይለናል፤ እናመሰግናለን። ግን ፓፑንያ ላይ ሥዕሉም ዘፈኑም ከራሱ ከሰፈሩ ነው የተነሣው። የሲድኒዎቹ የመጡት ኋላ ነው። እኛም ጋ ክራር የሚመታ አለ፤ በስልኩ ራፕ የሚቀዳ ልጅ አለ፤ የአገሩን የእረኛ ዜማ የሚያውቅ ሽማግሌ አለ። የእንቁጣጣሽ ዕለት ብቻ አስታውሰናቸው ዓመቱን ሙሉ እንረሳቸዋለን። ወጣቶች፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂዱና ቅዱ። ከየት መንደር እንደመጡ፣ ወንዙ ማን እንደሚባል፣ ሠርግ ላይ ምን ይባል እንደነበር ጠይቁ። መሬት ላይ መቆም ባይቻል ስሙን መያዝ ይቻላል፤ ስሙን የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ቀን መንገዱን ሲያገኝ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጋሼንም ጠየቅኋቸው። "ታዘው ያልዘፈኑት ዘፈን የለዎትም?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "አለ እንጂ። እናቴ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ነበር። እሱን ማንም አላዘዘኝም" አሉ። አኮርዲዮን የለንም፤ የስልክ መቅጃ ግን አለን። በሚመጣው ቅዳሜ እንቀዳቸዋለን፤ መስማት የምትፈልጉ ጀበናውን ጥዳችሁ ጠብቁን።

ቸር ይግጠመን።